ዘልሎ ያወቀውን የነደፈ ሰው፦ ሃይኒ ክሎፕፈር

ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ስሙ በእኛ ዘንድ ብዙም አይነሳም። ሃይኒ ክሎፕፈር ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሎፕፈር በ1918 በደቡብ ጀርመን፣ በባቫርያ ተራራማ አገር ተወለደ። እዚያ ክረምት ሲገባ ምድሩ በረዶ ይለብሳል። ወጣቶቹ ስኪ የሚባለውን ረዥምና ጠፍጣፋ መንሸራተቻ እግራቸው ላይ አስረው ከከፍታ ቁልቁል ይንደረደራሉ፤ ከመዝለያው ጫፍ ሲደርሱ አየር ላይ ይወረወራሉ። ርቆና አምሮ ያረፈ ያሸንፋል። ክሎፕፈር በዚህ ስፖርት አደገ፤ በሙያው ደግሞ አርክቴክት፣ ማለት የሕንፃ ነዳፊ ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ገና 21 ዓመቱ ነበር። ስፖርተኛ የሚበረታበት ዕድሜ በጦርነት አለፈ። ከጦርነቱም በኋላ ጀርመን በ1948ቱ የክረምት ኦሊምፒክ እንድትካፈል አልተፈቀደላትም። ታዲያ ክሎፕፈር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከዘላይ ጓደኞቹ ከሴፕ ቫይለርና ከቶኒ ብሩቸር ጋር መክሮ፣ በኦበርስትዶርፍ አጠገብ ትልቅ መዝለያ ለማሠራት ተነሳ። ንድፉን ያወጣው እሱ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘላዩ የሚያርፍበት ቁልቁለት ከበረራው መስመር ጋር መስማማት አለበት። ከተስማማ ሰውየው እየተንሸራተተ በዝግታ ያርፋል። ቁልቁለቱ ያለቦታው ሜዳ ከሆነ ግን ኃይሉ ሁሉ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፤ እግር ይሰበራል፣ ሕይወትም ሊጠፋ ይችላል። ወረቀት ላይ የተሳሳተች አንዲት መስመር ዋጋዋ የጓደኛ እግር ነው።

ከእንጨት የተሠራው መዝለያ በ1950 ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ የዓለም ሪከርድ 120 ሜትር ነበር። በዚያው የመክፈቻ ውድድር ጓደኛው ቫይለር 127 ሜትር ዘለለ፤ በማግስቱ ስዊድናዊው ዳን ኔትሴል 135 ሜትር አደረሰው። ይህ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል!

ክሎፕፈር ሌሎች መዝለያዎችንም ነድፎ በ1968፣ በ50 ዓመቱ ዐረፈ። የእንጨቱ ግንብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኮንክሪት ተተካ፤ መዝለያው ግን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እኛ እጩ መምህራን ከዚህ ምን እንማራለን? ክሎፕፈር ለሌላው የነደፈው እዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ እያወቀ ነው። እኛም የትምህርት ዕቅድ ስናወጣ፣ ስሙ ተጠርቶ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመውን ልጅ አንርሳ። ትናንት እኛም እዚያው ቆመን ነበርና።