ቅንድብ የሚተክሉት ሐኪም

ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እየተለመደ የመጣ ጥያቄ አለ። አፍንጫ ማስተካከል፣ የሆድ ስብ ማስመጠጥ፣ ጸጉር ማስተከል የት ይቻላል፣ ስንትስ ያስከፍላል የሚል ነው። አብዛኞቹ ለሌላ ሕመም መጥተው፣ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት ከሻሸመኔ አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንትም እንዲሁ ጠየቁኝ። የሥጋ ደዌ ሕክምናቸውን ጨርሰው ከዳኑ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የፈለጉት ቅንድብ ነው። ልጃቸው ልትዳር ስለሆነ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ፊታቸውን አይቶ እንዳይሸሽ ሰግተዋል። አብሯቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ በዚህ ዕድሜ ስለ ቁንጅና መጨነቅ ምን ይባላል ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ፖል ብራንድ የተባሉት ሐኪም ትዝ አሉኝ።

ዶክተር ብራንድ እ.አ.አ በ1914 በደቡብ ሕንድ በኮሊ ተራሮች ላይ ከእንግሊዛውያን ሚስዮናውያን ተወለዱ። በ9 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላኩ። አባታቸውን ዳግመኛ አላዩአቸውም፤ በ1929 ወባ በሚያስከትለው ከባድ ትኩሳት ሕንድ ውስጥ አረፉ። ልጁ ሐኪም የመሆን ሐሳብ አልነበረውም። አባቱ ቁስል ሲያክሙ እያየ ስላደገ ደምና መግል ይቀፈው ነበር። ስለዚህ አናጺነትና ግንበኝነት ለዓመታት ተማረ። ይህ ሙያ በከንቱ አልቀረም፤ ኋላ የሰውን እጅ እንደ አንድ የተበላሸ መሣሪያ ፈታትተው መመርመር የቻሉት አናጺ ስለነበሩ ይመስለኛል።

ሐሳባቸውን ቀይረው ለንደን ሕክምና ተማሩ፤ ከተማዋ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብም ቁስለኞችን እያከሙ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1946 በደቡብ ሕንድ ወደሚገኘው የቬሎር የሕክምና ኮሌጅ ሄዱ። በማግስቱ ዓመት ዶክተር ሮበርት ኮክራን የተባሉ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቺንግልፑት ያለውን የሕሙማን መንደር አስጎበኟቸው። ብራንድ እዚያ እንደ ጥፍር የተቆለመሙ በርካታ እጆች አዩ። አንዱን ሕመምተኛ እጃቸውን እንዲጨብጣቸው ቢጠይቁት ከጠበቁት በላይ ጠንካራ ሆኖ አገኙት። ጡንቻው ሁሉ አልሞተም ማለት ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚያጠቃው የተወሰኑ ነርቮችን ነው፤ በሌላ ነርቭ የሚታዘዙት ጡንቻዎች ደህና ናቸው። ታዲያ የደህናውን ጡንቻ ጅማት አዙሮ የሞተውን ሥራ ማሠራት ይቻላል ብለው ተነሡ፤ ተሳካላቸውም።

ነገር ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። እጃቸው የተዘረጋላቸው ሰዎች ወደ ቤታቸው ሄደው ተመልሰው መጡ። ቀድሞ የተቆለመመ እጃቸውን እያሳዩ ምጽዋት ያገኙ የነበሩት፣ እጃቸው ሲስተካከል የሚሰጣቸው አነሰ። ሥራ የሚሰጥ ደግሞ የለም፤ ቅንድብ የሌለውና አፍንጫው የሰመጠ ፊት በሩቅ ይታወቃልና። ባክቴሪያው ከሰውነታቸው ጠፍቶም ፊታቸው በሽተኛ ናቸው ብሎ ይመሰክርባቸው ነበር። ብራንድ በ1951 የአናጺነት ሙያ የሚማሩበት አነስተኛ መንደር አቋቋሙላቸው፤ ከዚያም ወደ ፊታቸው ዞሩ።

ለቅንድቡ ጸጉር ያለበትን የራስ ቆዳ ከነደም ሥሩ በቀጭኑ ቆርጠው፣ ከግንባር ቆዳ ሥር አሳልፈው ቅንድቡ በነበረበት ቦታ ይተክሉታል። የራስ ጸጉር ስለሆነ ማደጉን አያቆምም፣ በየጊዜው መከርከም አለበት። ከሕሙማኑ ጥቂቶቹ ግን አንከረክምም ብለው ዓይናቸው ላይ እስኪወርድ አሳደጉት። ለዓመታት ያጡትን ነገር ቢያበዙት ማን ይፈርድባቸዋል? አፍንጫውን ደግሞ በላይኛው ከንፈርና በድድ መካከል ገብተው፣ የተኮማተረውን የውስጥ ሽፋን አላቀው በተነቀለ ቆዳ ይተኩታል። ይህ ዘዴ ፊት ላይ ጠባሳ አይተውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ፊት በመጠገን የታወቁት ሰር ሃሮልድ ጊሊስ ቀደም ብለው በሌላ በሽታ ለሰመጠ አፍንጫ የተጠቀሙበት ነው። ዓይኑ አልከደን ላለው ሰው የማኘኪያ ጡንቻን ከቆብ ጋር ያገናኛሉ፤ ሰውየው ባኘከ ቁጥር ዓይኑ ይከደናል። ባለቤታቸው ዶክተር ማርጋሬት የዓይን ሐኪም ስለነበሩ ዓይናቸው ሳይጠፋ የቀረላቸው ብዙ ናቸው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ስለ ሕመም ስሜት የደረሱበት ነው። በዚያ መንደር ሕሙማን ማታ የነበራቸውን ጣት ጠዋት ያጡ ነበር። ሌሊት ቢጠበቅ አይጥ ስትበላው ተገኘ፤ ስለማይሰማቸው አይነቁም። ከዚያ ወዲህ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። ጣት የሚቆርጠው በሽታው ራሱ ነው የሚለው የቆየ እምነት የፈረሰው እንዲህ ባለ ክትትል ነው። ቁስሉ የሚመጣው ስሜት ከማጣት ነው። እርሳቸውም አንድ ሌሊት ለንደን ውስጥ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ደንዝዞ አገኙት። በመርፌ ወጉት፣ አልተሰማቸውም። በሽታው ያዘኝ ብለው ሲጨነቁ አደሩ። ጠዋት እንደገና ሲወጉት አመማቸው፤ በደስታ ጮኹ። ለካ በረጅሙ የባቡር ጉዞ ነርቩ ተጭኖ ኖሯል።

እ.አ.አ በ1960 የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው። ከ1966 ጀምሮ አሜሪካ ካርቪል በሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሠሩ፤ በ2003 በ88 ዓመታቸው አረፉ። በእኛ አገር ደግሞ እ.አ.አ በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የተቋቋመው አለርት፣ ይህንን የእጅ፣ የእግርና የፊት ጥገና ከመላው አፍሪካ ለመጡ ባለሙያዎች ሲያስተምር ኖሯል።

ወደ በር ላይ ጥያቄዎቹ ልመለስ። የዛሬው አፍንጫ ማስተካከል፣ የዓይን ቆብ ማንሣት፣ ጸጉር መትከል ከዚሁ ሙያ የወጡ ናቸው። ቆዳና ደም ሥር ደግሞ ለፍላጎትም ለችግርም ሕጉ አንድ ነው። ከዚህ በፊት ጆሮዎ ሲበሳ ወይም ክትባት በተወጉበት ቦታ እብጥ ያለ ጠባሳ፣ ማለትም ኬሎይድ፣ ወጥቶብዎት ከሆነ ቢላዋ ከመንካቱ በፊት ይናገሩ፤ ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ይበዛል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያቁም፤ የደም ዝውውሩ ሲቀንስ የተተከለው ቆዳ ይሞታል። የስኳርና የደም ግፊት መጠን ይታወቅ። ስብ ማስመጠጥ ክብደት መቀነሻ አይደለም፣ ቅርጽ ማስተካከያ ነው። ውጭ አገር ሄደው የሚሠሩ ሰዎች በቀዶ ሕክምናው ማግስት አውሮፕላን ላይ ባይወጡ ይሻላል፤ እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ሐኪሙ በፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻላይዝ ማድረጉና ችግር ቢፈጠር የሚከታተልዎት ማን እንደሆነ ነው። የውበት ሳሎን ውስጥ የሚወጋ መርፌን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይወጉ።

ሌላም አለ። ቆዳ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያለበት ሰው ቅባት ከመቀባቱ በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ። የሥጋ ደዌ ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው ቅንድቡም ጣቱም አይጎዳም።

አዛውንቱን ጫማዎን ያውልቁ አልኳቸው። ለቅንድብ መጥቼ እግሬን ምን ይፈልጋል ብለው ሳይገርማቸው አልቀረም። በቀኝ ውስጥ እግራቸው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል ነበር፤ ጫማው ውስጥ ትንሽ ጠጠር ተገኘ። ስንት ቀን እንደረገጧት አያውቁም። ቁስሉን አጥበን አሰርን፤ በየማታው እግራቸውን በዓይን እንዲያዩ፣ ጫማቸውንም ከማጥለቃቸው በፊት በእጃቸው ሳይሆን በልጃቸው እጅ እንዲያስፈትሹ ነገርኳቸው፤ የእርሳቸው ጣትም አይሰማምና። ከዚያ ወደ አለርት ሪፈር ጻፍኩ። በምክንያቱ መስመር ላይ መጀመሪያ ቁስሉን፣ ቀጥሎ ዓይናቸው በደንብ እንደማይከደን፣ ሦስተኛ ቅንድብ ብዬ አሰፈርኩ። የወንድማቸው ልጅ ወረቀቱን አንብቦ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ መሆኑንም እንድጨምርበት ጠየቀኝ፤ ጨመርኩበት።