ዦዜፍ ፎሪየር፦ ከሙቀት ጥናት እስከ አንጎል ምስል

ባለ ሦስት አውታረ መጠን የኤምአርአይ ምርመራ የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን ከየአቅጣጫው ለመመልከት ያስችላል። የዚህ ምርመራ ሒሳባዊ መሠረት የተጣለው ግን መሣሪያው ከመሠራቱ ከ160 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ ስለ ሙቀት ይመራመር በነበረ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዦዜፍ ፎሪየርን ሕይወትና ሥራ ከዚህ አንጻር ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎሪየር በ1768 በኦክሴር ከተማ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በከተማዋ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ተማረ። በአብዮቱ ዘመን፣ በ1794፣ ታስሮ የነበረ ሲሆን የተፈታው ሮቤስፒየር ከወደቀ በኋላ ነው። በ1798 ናፖሊዮንን ተከትሎ ወደ ግብፅ ተጓዘ፤ ሲመለስም የኢዜር አውራጃ አስተዳዳሪ ሆኖ በግሬኖብል ተቀመጠ። ዋነኛ ምርምሩን ያካሄደው በዚህ ሹመት ላይ ሳለ ነው።

በ1807 ለፓሪስ ሊቃውንት ባቀረበው ጥናት፣ ውስብስብ የሙቀት ሥርጭት የቀላል ሞገዶች ድምር ሆኖ ሊገለጽ እንደሚችል አስረዳ። ላግራንዥ አሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። የተሻሻለው ጥናት በ1812 ቢሸለምም፣ ዳኞቹ ማረጋገጫው ጥብቅነት እንደሚጎድለው በመግለጻቸው ወዲያው አልታተመም። ፎሪየር ሥራውን በመጽሐፍ ያወጣው በ1822 ነው። የጎደለውን ማረጋገጫ ዲሪክሌ በ1829 በከፊል አሟላ፤ ፎሪየርም በቀጣዩ ዓመት በፓሪስ አረፈ።

በኤምአርአይ ውስጥ የሃይድሮጂን አስኳሎች በአንድ ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ በሰከንድ 42.6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራሉ። የመስኩ ጥንካሬ በሦስቱም አቅጣጫዎች ሆን ተብሎ እንዲለያይ ሲደረግ፣ የየቦታው አስኳል አዟዟር ይለያያል። መሣሪያው የሚቀበለው ግን የሁሉንም ምልክት በአንድነት ነው። ይህን ድምር ፈትቶ እያንዳንዱን ምልክት ወደየቦታው የሚመልሰው የፎሪየር ስልት ነው፤ ኩማር፣ ቬልቲና ኧርንስት በ1975 ስልቱን ለዚህ ተግባር አዋሉት። ዛሬ አንጎል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጎን ባላቸው ኩቦች ተከፋፍሎ ይታያል፤ ከማስታወስ ችሎታ ጋር የተያያዘው ሂፖካምፐስ መኮማተሩም በመጠን ይለካል።

የዳኞቹ ጥያቄ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያልተሟላ ማረጋገጫ ፍሬ ቢስ አሳብ ማለት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ መመዘን የምርምር ገምጋሚዎች ሁሉ ኃላፊነት መሆኑን የፎሪየር ሕይወት ያስገነዝባል።