ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ (አባ ነፍሶ)፦ የሹመት ኩራትና የአርበኝነት እምቢታ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው አምቦ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ወሊሶ ያደርሳል። በቀድሞው አስተዳደር የአምቦው ወገን የጅባትና ሜጫ፣ የወሊሶው ወገን የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ይህ የሸዋ ክፍል በምኒልክ ጦር በተያዘ ጊዜ፣ ከዚሁ ከጨቦና ከጉራጌ ወገን የተማረኩ ሁለት ብላቴኖች ወደ ቤተ መንግሥት ተወስደው አደጉ። አንደኛው ኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው፤ ሁለተኛው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ። የፊታውራሪ የፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ የደጃዝማች አባ ነፍሶ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጌታ እጅ አድገው ለታላቅ ሥልጣን ቢበቁም፣ ሥልጣንን የተረዱበት መንገድ እንደ ፈረስ ስማቸው የተለያየ ነው።

ባልቻ የአገምጃ ሰው ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ፣ በዘመኑ ጨካኝ የጦርነት ልማድ ተሰልበው፣ ቆስለው ከጦር ሜዳ ተገኙ። ታክመው ዳኑና በምኒልክ ግቢ ከሚያድጉት ልጆች ጋር ተቆጠሩ። እንግዲህ ያቆሰላቸውም ያዳናቸውም፣ ያዋረዳቸውም ያከበራቸውም አንዱ ሥልጣን ነው። ወላጅም ወገንም በሌሉበት ቤት ያደገ፣ ልጅ ወልዶ ስሙን ለማስጠራትም ያልታደለ ሰው፣ ታማኝነቱን ሁሉ ላሳደገው ጌታ ቢሰጥ አያስደንቅም። ባልቻ እስከ ዕለተ ሞታቸው የምኒልክ ሰው ነበሩ። ለሌላ ጌታ መገዛትን ግን ለመማር አልፈለጉም።

በግቢ አገልግሎታቸው እየታወቁ ሄደው በጅሮንድ ሆኑ። በ1888 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የመድፈኛውን ጦር የመሩ እርሳቸው ናቸው። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ፣ የታወቀው ጀግና ፊታውራሪ ገበየሁ ከወደቁ በኋላ የባልቻ ስም ከመድፉ ድምፅ ጋር በሠራዊቱ አፍ ገባ፤ ሕዝቡም በግጥም አነሳው። ተሰልቦ ከሜዳ የተነሣው የአገምጃ ልጅ፣ በጊዜው ወንድነት ከሚለካበት ሚዛን ሁሉ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብራቸው በማንም ስጦታ ሳይሆን በራሳቸው እጅ የተገኘ መሆኑን አምነው ኖሩ። ኩራታቸውም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከዓድዋ በኋላ ሲዳሞ ተሰጣቸው። የልጅ ይልማ መኰንን ሞት ሐረርን ባለቤት ባሳጣት ጊዜም ያንን አገር አስተዳደሩ፤ በ1902 ዓ.ም. ሐረር ለራስ መኰንን ልጅ ለደጃዝማች ተፈሪ ሲሰጥ ግን ለቀቁ። የኋለኛው ዘመን ቅያሜ አንዱ ሥር እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ግዛታቸው ግን ሲዳሞ ነበረ። በዚያ አገር ባላባቱና ገበሬው በገባርነት ለወታደር ተደልድሎ፣ እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱን ይገብር ነበር። ሥርዓቱን ባልቻ አልፈጠሩትም፤ ነገር ግን በጽኑ እጅ አስፈጽመውታል። አስተዳደራቸው ቁጡና የማይነቃነቅ ነበር። ለወታደሮቻቸው ለጋስ የነበሩት ገበታቸው በገባር እህል ስለሚሞላ ነው። በልጅነቱ የድል አድራጊ ጦር የደረሰበት ሰው፣ አድጎ ያንኑ ዓይነት ጦር በሌላ ሕዝብ ላይ አሰፈረ። የደጃዝማችን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን አልፎ ወደ ጀግንነቱ መሄድ አይገባውም።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ወርደው የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ለባልቻ ንግሥቲቱ የጌታቸው ልጅ ነበሩ፤ እንደራሴው ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ወጣት መስፍን ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ቢሆኑ የራስ ተፈሪን መጠንከር በደስታ የሚያዩ አልነበሩም። ሆኖም አባ መላ የመንግሥቱን ሚዛን ከመሀል ሆነው ይጠብቁ፣ ጠብ ሲመጣ ምክርን ያስቀድሙ ነበር። በ1919 ዓ.ም. እርሳቸውም አቡነ ማቴዎስም በተከታታይ ሲሞቱ ያ ሚዛን ተሰበረ። ባልቻ የቀራቸው ክንዳቸውና ኩራታቸው ብቻ ሆነ።

ራስ ተፈሪ ደጃዝማችን ወደ አዲስ አበባ ጠሩ። ባልቻ ጥሪውን ሲያዘገዩ ቆይተው፣ በ1920 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጡና ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። ለጥሪ መልስ መስጠት ነው ቢባልም፣ በጦር ተከቦ መምጣት ራሱ መልስ ነበር። እንደራሴው ግን በክብር ተቀበሏቸው። ወደ ግብር ተጋበዙ፤ ባልቻም የጥበቃ ወታደሮቻቸውን ይዘው ገቡ። ግብሩ ሲበላ፣ ራስ ካሣ ኃይለ ዳርጌ ወደ ንፋስ ስልክ ሄደው ለሰፈረው ጦር ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቱት። በሲዳሞውም ግዛት ላይ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሾሙ። ደጃዝማች ወደ ሰፈራቸው ቢመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። የቀራቸው መንገድ እጅ መስጠት ሆነ፤ ታሰሩ።

ይህ ድርጊት ብዙ ጊዜ እንደ ብልሃት ተረት ይነገራል። በተረቱ ውስጥ ያለው የሥልጣን ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ወገን ከወገኑ ተዋግቶ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በንፋስ ስልክ ግን ጥይት ሳይተኮስ አንድ ታላቅ ጦር ተበተነ፤ ይህ ለሕይወት የተደረገ ቁጠባ ነው። በሌላ በኩል፣ ታማኝነት በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ መሆኑን መንግሥት ራሱ በአደባባይ አሳየ። ይህ ትምህርት ከዓመታት በኋላ ለኢጣሊያ ሰላዮችም የጠቀመ ነው።

የባልቻስ እምቢታ? ለንግሥቲቱ ታማኝ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን በ1920 ዓ.ም. ያነሡት የሕግ ጥያቄ፣ ለገባሩም ያሰቡት ማቃለያ አልነበረም። የተከላከሉት ሹመታቸውን ነው። ሹመት የመንግሥት አደራ መሆኑ ቀርቶ የሰውየው አካል ሆኖ ሲቆጠር፣ ሹመቱን መጠየቅ ሰውየውን እንደ መስደብ ይሆናል። ጦራቸውም ይህንኑ አስተሳሰብ ከጌታው የተማረ ነበር። ለሲሳይ የተከተለ ወታደር የተሻለ ሲሳይ ሲያይ ሄደ። ባልቻን ያሸነፋቸው የራስ ተፈሪ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ሥልጣናቸው የቆመበት መሠረት ጭምር ነው።

ከእስር በኋላ መነኮሱ። አባ ነፍሶ ከመንግሥት ጉዳይ ርቀው ዓመታት አለፉ፤ ራስ ተፈሪም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው አገር ለቀው ነበር። በዚህ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ቂም ያለው መኰንን ሁሉ ቂሙን የሚወጣበት በር ተከፈተለት። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ እርሳቸውም በንጉሠ ነገሥቱ ታስረው የነበሩ፣ ለኢጣሊያ አደሩ። የባልቻ በደል ከራስ ኃይሉ በደል ያነሰ አይደለም፤ ግዛታቸውን፣ ጦራቸውን፣ ነፃነታቸውን አጥተዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው መነኵሴም ስለሆኑ ዝም ብለው ቢቀመጡ የሚወቅሳቸው አልነበረም።

እርሳቸው ግን ጠመንጃ አነሡ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት በተነሡ ጊዜ፣ ከደቡብ ምዕራብ በኩል ከተሰለፉት አንዱ ሽማግሌው ባልቻ ነበሩ። ጥቃቱ ሳይቀናጅ ከሸፈ፤ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሰሞን በኢጣሊያኖች ተረሸኑ። ባልቻ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አገምጃ ተመለሱ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣሊያ ጦር ከበባቸው። እጅ የሚሰጡ መስለው ጠላትን ካቀረቡ በኋላ ተኵሰው፣ ሲዋጉ እንደ ሞቱ ይነገራል። የአሟሟታቸው ዝርዝር በየተራኪው ይለያያል። እጅ አለመስጠታቸው ግን አይለያይም።

ሁለቱን እምቢታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። በ1920 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ጦር፣ ሰፊ ግዛትና የንግሥት ወዳጅነት ነበራቸው፤ እምቢታቸውም በአንድ ቀን ፈረሰ። በ1928 ዓ.ም. ሹመትም ደመወዝም የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም፤ የተከተሏቸው ሰዎች ከሞት በቀር ከእርሳቸው የሚጠብቁት ሲሳይ አልነበረም። ሆኖም ይህ ሁለተኛው እምቢታ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ቀጠለ። በጨቦ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ በጅባትና ሜጫ በኩል ገና ወጣት የነበሩት ጃገማ ኬሎ፣ ጠላት በ1933 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በዚሁ አገር ጫካና ተራራ ተዋጉ።

የሰውየው ጠባይ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ተለወጠ ለማለት ግን አስቸጋሪ ነው። ቁጣው ያው፣ ኩራቱ ያው፣ ለሌላ ጌታ አለመገዛቱም ያው ነው። የተለወጠው ኩራቱ የቆመለት ነገር ነው። ስለዚህ ለሥልጣን አልታዘዝም ያለን ሰው ለመመዘን ድፍረቱን ብቻ መለካት አይበቃም። የሚጠብቀው የራሱን ወንበር ነው ወይስ የሌላውን ሰው መኖሪያ? በእምቢታው ወጪ የሚከፍለውስ እርሱ ነው ወይስ ገባሩ? በሲዳሞ ለባልቻ ክብር የከፈለው ገበሬው ነበር። በአገምጃ የከፈሉት ራሳቸው ናቸው።

በአዲስ አበባ የሀብተ ጊዮርጊስ ስም በድልድይ፣ የባልቻ ስም በሆስፒታል ይጠራል። ለአባ መላ ድልድይ ይስማማል። ቆስሎ ከሜዳ ለተነሣው የአገምጃ ልጅም የሕሙማን ቤት አይበዛበትም። ሲዳሞ ላይ ስለገበረው ሕዝብ ግን ስም የያዘ ድንጋይ የለም፤ ስለዚህ የባልቻን ጀግንነት የሚያነሣ ሁሉ እርሱንም አብሮ የማንሣት ግዴታ አለበት።