የጳጳሱ የሳሙኤል ጎባት ታሪክ

ሳሙኤል ጎባት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1799 ዓ.ም. በስዊስ አገር ተወለደ። በባዝል ተምሮ፥ ዐረብኛና ግዕዝ አጥንቶ፥ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ተልኮ በ1830 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በጎጃሙ ተወላጅ በአባ አብርሃም ወደ አማርኛ የተተረጐመውን ወንጌል ይዞ እስከ ጎንደር ደረሰ፤ ከሊቃውንቱም ጋራ በትዕግሥት ተነጋገረ። በዚያው ዓመት የሥራ ባልንጀራው ኩግለር በዐድዋ ሞተ። ጎባት ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1835 ከሚስቱ ከማርያ ጋራ ተመልሶ መጣ። ነገር ግን ብርቱ ደዌ ስለ ያዘው በ1836 አገራችንን ለቆ ሄደ።

በ1846 የፕሩሲያ ንጉሥ መርጦት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆነ። በዚያም ለልጆች ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ ከ1838ቱ ቸነፈር በኋላ ተዳክመው ለነበሩት ለኢትዮጵያ መነኮሳትም ጠበቃ ሆነላቸው። በ1879 በዚያው ዐርፎ በጽዮን ተራራ ተቀበረ።

አንባቢ ሆይ፥ ጎባት ከነዚያ መነኮሳት ጋራ በሃይማኖት ትምህርት አንድ አልነበረም፤ በችግራቸው ቀን ግን አልራቃቸውም። አንተስ በአሳብ የማይስማማህ ጎረቤትህ ቢቸገር ፊትህን ታዞርበታለህን?