የብረትን መዘግየት የለኩት መሐንዲስ

በቴፕ ካሴት የተቀዳ የሠርግ ዘፈን ከዓመታት በኋላ የሚሰማው፣ በክሩ ላይ የተቀባው ማግኔታዊ ዱቄት የተቀበለውን አሻራ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክም መረጃን የሚያኖረው በዚሁ ጠባይ ነው። ጠባዩን በጥንቃቄ ለክተው ስም ያወጡለት ስኮትላንዳዊው ሰር ጀምስ አልፍሬድ ዩዊንግ ናቸው።

ዩዊንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1855 በደንዲ ከተማ ከቄስ አባት ተወለዱ። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተምረው በባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ ዝርጋታ ሠሩ። በ1878 ጃፓን የውጭ መምህራንን ስትጠራ ወደ ቶኪዮ አቀኑ። በዚያም የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ሠሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ግን የማግኔት ምርምራቸው ነው። ብረትን በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ አድርገው የኤሌክትሪክ ጅረቱን ቀስ በቀስ ጨመሩ፤ መልሰውም ቀነሱ፤ ከዚያም አቅጣጫውን ገለበጡ። በየደረጃው የብረቱን ማግኔትነት ለክተው በወረቀት ሲያሰፍሩት የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ አልገጠመም። ጅረቱ ሲቋረጥ ብረቱ ማግኔትነቱን ፈጽሞ አልተወም፤ ለማጥፋት ተቃራኒ ኃይል አስፈለገ። ሁለቱ መንገዶች ተጋጥመው ቀለበት ሠሩ። ዩዊንግም በ1881 ሂስተሪሲስ አሉት፤ በግሪክኛ ወደ ኋላ መቅረት ማለት ነው።

የቀለበቱ ስፋት ትልቅ ትርጉም አለው። ብረቱ በተገላበጠ ቁጥር በሙቀት የሚባክነውን ኃይል ያሳያል። ስለዚህ የመብራት ትራንስፎርመር ቀለበቱ ጠባብ የሆነ ብረት ይሻል። መረጃ የሚቀዳበት ቁስ ግን በቀላሉ እንዳይገለበጥ ሰፊ ቀለበት ያስፈልገዋል። ከ17 ዓመታት በኋላ ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ ቀዱ።

ዩዊንግ በ1883 ወደ ደንዲ ሲመለሱ የድሆች ሰፈሮች ሁኔታ አስደነገጣቸው፤ ለፍሳሽ ማስወገጃና ለንጽሕና መሻሻልም ተሟገቱ። በ1890 የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን ምስጢራዊ መልእክቶች የሚፈታውን የብሪታንያ ባሕር ኃይል ቡድን መሩ፤ ቀጥሎም እስከ 1929 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲን አስተዳደሩ።

በ1932 በዮርክ ከተማ ለሳይንስ ሊቃውንት ባደረጉት ንግግር ያለፈ ሕይወታቸውን የሚፈትን ሐሳብ አነሡ። መሐንዲሱ ለሰው ልጅ የሰጠው ኃይል በፍጥነት አድጓል፤ ኃይሉን የሚገራው ሥነ ምግባር ግን ወደ ኋላ ቀርቷል ሲሉ አስጠነቀቁ። የብረትን መዘግየት ሲለኩ የኖሩት ሊቅ በ1935 ሲያርፉ የሰውን መዘግየት ለተተኪዎቻቸው ጥያቄ አድርገው ትተው ነበር።