ኤሊየት ጆስሊንና አስተማሪዎቹ ነርሶች

የሚከተለውን የሕይወት ታሪክ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪዎች! መድኃኒት ተገኘ ሲባል በሽታው ወዲያውኑ ድል የተመታ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ በበሽተኛው ቤት ተገቢውን ሥራ እስኪሠራ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ይህን መንገድ ካቀኑት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ነው።

ጆስሊን በ1869 በማሳቹሴትስ ግዛት ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1895 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ በ1898 ደግሞ በቦስተን ከተማ ሥራውን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ በስኳር በሽታ ተያዘች። በዚያን ዘመን ምግብን ከመቆጣጠር በቀር ለዚህ በሽታ ይህ ነው የሚባል ሕክምና አልነበረም። ሆኖም እናቱ ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት በመከተሏ ከ10 ዓመት በላይ በሕይወት ቆየች። ጆስሊን የበሽተኞቹን ሁኔታ በመዝገብ እያሰፈረ ባጠና ቁጥር፣ ስለ በሽታው የተማረ ሰው ካልተማረው ይልቅ ዕድሜው እንደሚረዝም እየተረዳ ሄደ። ስለዚህም በ1918 ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ለበሽተኞችም የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ።

በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን አገኙ። ጆስሊን መድኃኒቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በነሐሴ ወር 1922 የሰጣት በሽተኛ ራሷ ነርስ ነበረች። ከሰውነት ተራ ወጥታ ለወራት ከቤቷ ያልወጣችው ይህች ሴት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእግሯ ለመንሸራሸር በቃች።

ይሁን እንጂ ደስታው አዲስ ኃላፊነት አስከተለ። ኢንሱሊን በየቀኑ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መጠኑ ከበዛ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ራሱንም ሊስት ይችላል። መጠኑ ካነሰ ደግሞ ስኳሩ እየጨመረ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ታዲያ በየማለዳው በየቤቱ ተገኝቶ ይህን የሚመዝን ሐኪም ከየት ይመጣል?

ጆስሊን መልሱን ያገኘው ከነርሶች ዘንድ ነው። ነርሶቹ ምግብን በሚዛን መለካትን፣ በሽንት ውስጥ ያለውን ስኳር መመርመርን፣ የመርፌን ንጽሕና መጠበቅንና የመድኃኒቱን መጠን መለየትን እንዲማሩ አደረገ። እግርን በየቀኑ መመልከትንም አስተማራቸው፤ በስኳር በሽታ ስሜቱ የደነዘዘ እግር ቁስሉ ሳይታወቅ አመርቅዞ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላልና። ከዚያም ተዘዋዋሪ ነርሶች ተብለው በኒው ኢንግላንድ አካባቢ ወደ በሽተኞች ቤት እየሄዱ የተማሩትን ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ ያስተምሩ ጀመር። አስታማሚ ብቻ የነበረችው ነርስ በዚህ መንገድ መምህርት ሆነች።

ጆስሊን ሕክምናውን በሦስት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ ይመስለው ነበር። ፈረሶቹ ምግብ፣ ኢንሱሊንና የአካል እንቅስቃሴ ናቸው፤ ልጓሙን የሚይዘው ግን በሽተኛው ራሱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንዳት ያልተማረ ሰው ሦስት ፈረሶች ቢሰጡት ምን ይጠቅመዋል?

ጆስሊን በጥር ወር 1962 በ92 ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የተሰየመው የሕክምና ተቋም በቦስተን ይገኛል። ዛሬም በብዙ አገሮች ስለ ስኳር በሽታ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች የእነዚያን ተዘዋዋሪ ነርሶች ፈለግ ይከተላሉ። እናንተም አንድ ዕውቀት ስትቀስሙ ለሚያስፈልገው ሰው እስክታደርሱት ድረስ ሥራችሁ እንዳላለቀ አስቡ።

ጥያቄዎች

1. ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ነርሶችን ማሠልጠን ያስፈለገው ለምንድን ነው?
2. በሠረገላው ምሳሌ ውስጥ ልጓም ያዡ ማን ነው? ለምን?
3. «መድኃኒትና ዕውቀት» በሚል ርእስ አንድ አንቀጽ ጻፉ።