የአሸናፊ ከበደ ዋሽንት

ከሞተ የቆየ ታዋቂ ሰው መርጣችሁ የሕይወት ታሪኩን ጻፉ ስንባል፣ የክፍላችን ልጅ ግማሹ ወደ ነገሥታት፣ ግማሹ ወደ ጋዜጠኞች ሮጠ። እኔ የመረጥኩት የሙዚቃ ደራሲ ነው። ምክንያቴን አልደብቅም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ዜማ ለመሥራት እሞክራለሁ፤ እስካሁን አንዱንም አልጨረስኩም። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ዛሩ አልመጣም እላቸዋለሁ። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ ያን ያህል አያስቅም። ለመሆኑ አዲስ ዜማ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ይዤ ነው ወደ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የሄድኩት። አሸናፊ ሜይ 7 ቀን 1938 አዲስ አበባ ተወለዱ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በወጣትነታቸው ሐረር በሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረዋል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ የሶፊ ልጅ ነኝ፤ ከሐረር ከተማ ወጣ ብላ ካለችው የገጠር ወረዳ። እኚህ ሰው በእኛው አገር መንገድ ተመላልሰዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄደው ሮቸስተር ባለው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ተመልሰውም ዛሬ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለውን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። በዚያን ጊዜ ሙዚቃ እማራለሁ ብሎ ለወላጅ መናገር ቀላል አልነበረም። አዝማሪ የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ስድብ ነበር። አሸናፊ ግን ኋላ ላይ፣ በ1975፣ ስለዚያው አዝማሪ የጥናት ጽሑፍ አሳተሙ። በ1977 ደግሞ የሰይጣን መሣሪያ ሲባል ስለኖረው ክራር ጻፉ። ሰው የናቀውን ነገር ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር፤ እኔን የገረመኝም ይኸው ነው።

በጣም የታወቀው ድርሰታቸው እረኛው ባለዋሽንት ይባላል። ለኦርኬስትራ የተጻፈ ነው። ስሙን ስሰማ ብቻ ሶፊ ትዝ አለችኝ፤ ከብት፣ ማሽላ፣ የከሰዓት ፀሐይ። ዋሽንት እንደምታውቁት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ተራ ነገር ነው። አሸናፊ የእረኛውን ዓለም ወስደው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ቆመው ለብዙ ሰው ኦርኬስትራ ጻፉት። በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ራሳቸው መርተዋል። ጥቁሩ ኮዳይ የሚል ቅጽልም ወጥቶላቸዋል። ኮዳይ በዚያው ዓመት የሞተው ታላቁ የሃንጋሪ ሙዚቃ ደራሲ ነው። ከጓደኛው ከባርቶክ ጋር በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በድምፅ መቅጃ የሰበሰበ፣ ከሰበሰበውም አዲስ ሙዚቃ የሠራ ሰው ነው። ቅጽሉ ያለ ነገር አልወጣም።

ሌላም አለ፤ ኮቱራሲያ። ፍሉት፣ ክላርኔት፣ ቫዮሊንና ኮቶ የተባለውን የጃፓን ባለብዙ ክር መሣሪያ አንድ ላይ ያደረጉበት ነው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ጃፓን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ብዬ። ከዚያ ሙዚቃ የሚያውቅ ጓደኛዬ የጃፓንም ሙዚቃ ብዙው እንደ ትዝታና እንደ አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሄድ መሆኑን አስረዳኝ። ለካ አዲስ የሚመስለው ነገር የተገኘው ሁለት አሮጌ ነገሮችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ በማዳመጥ ነው። እንግዲህ ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ከሥራዎቻቸው ተነስቼ የምለው።

ልቦለድም ጽፈዋል፣ በእንግሊዝኛ። በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ቀሪውን ዕድሜያቸውን በአብዛኛው አሜሪካ በማስተማር አሳለፉ፤ በመጨረሻም ፍሎሪዳ። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከደረሱት ሙዚቃ ይልቅ ያጠኑት ይበዛል። ማስተማርና ምርምር ጊዜያቸውን በልቶባቸው ይሆን? ወይስ እረኛውን ከሩቅ አገር ሆኖ መስማት ከባድ ነው? ሜይ 8 ቀን 1998፣ ስልሳ ዓመት በሞላቸው ማግስት፣ ታላሃሲ ውስጥ አረፉ።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ለእረፍት ሶፊ ሄድኩ። አያቴ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ኡሉሌ ይነፋ ነበር፤ ዋሽንትን በኦሮምኛ እንደዚያ ነው የምንለው። እስካሁን ንፋልኝ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ጠየቅኩት። ሳቀና አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ትንፋሹ ወደ ጎን እየወጣበት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው። እንግዲያው አንጎራጉርልኝ አልኩት። ስልኬን ከፍቼ ጎኑ አስቀመጥኩ። አራት ዜማ አንጎራጎረ። አምስተኛውን ጀምሮ መጨረሻው ጠፋበት። በቃ፣ እሱን ነገ አስታውሰዋለሁ አለኝ። በማግስቱም አላስታወሰውም። ከተመለስኩ ጀምሮ በየማታው የምሰማው ያንን ያልተጨረሰውን ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቆመበት ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል ወረቀት ላይ ሞከርኩ።